ጅማ ላይ ቴአትር ቤት ስትሠሩ ከዝናቡ ጀምሩ

ጅማ ላይ የማኅበረሰብ ቴአትር ቤት ይሠራ ተብሎ ሰው ሲሰበሰብ ወሬው ብዙ ጊዜ ከቅርጽ ይጀምራል። አንዱ ጀበና ይምሰል ይላል። ሌላው የቡና ፍሬ፣ ሌላው ትልቅ ጎጆ። ሐሳቡ አገርን ከመውደድ የመጣ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ግን እለምናችኋለሁ፣ ቅርጹን ለጊዜው ተዉትና ጫካው ምን እንደሚሠራ እንይ። ዝናቡን እንዴት ይቀበላል? ጥላውን እንዴት ያበጃል? ዛፎች መሃል ቆማችሁ ስትጣሩ ድምፃችሁ ለምን ግድግዳ እንደነካ ሆኖ አይመለስም? ሕንፃው ውስጥ መግባት ያለበት የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። መልኩ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ነገሩ ተጨባጭ እንዲሆን 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ እናስብ። ለአንድ ማኅበረሰብ የሚበቃ፣ ተዋናይ ያለ ማይክ የሚሰማበት መጠን ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ልኬቶች በዚህ የተሰሉ ናቸው። የእናንተ ቢሰፋ ወይ ቢጠብ አባዙት ወይ ቀንሱት።

ጣሪያው

ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል። ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ግን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናብ የሚጠፋበት ወር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዝናብ በመጣ ቁጥር ትርዒት የሚያቋርጥ አዳራሽ ከሠራችሁ፣ ከዓመቱ ግማሽ በላይ የማይታመን አዳራሽ ሠራችሁ ማለት ነው። ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዶፍ ሲወርድ መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጥና እስኪያባራ ይጠብቃል። ተዋናይ ግን ትዕይንት መሃል ላይ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቆርቆሮ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከስሩ የሚደግፈው ነገር ስለሌለ አንዲት ጠብታ ስታርፍበት በዙሪያዋ ያለው ሉህ ይርገበገባል፣ መርገብገቡም ወደ ታች ድምፅ ሆኖ ይወርዳል። ከሥሩ አንድ ቀጭን ቺፑድ ኮርኒስ መምታት ትንሽ ይረዳ እንደሆነ ነው እንጂ ችግሩን አይፈታውም።

አሁን ወደ በለጠ ጌራ ጫካ እንሂድ። ከላይ ቀራሮው አለ። ከሱ ሥር ሰሳው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው። ከነሱ ሥር ቡናው። ዝናቡ መጀመሪያ የሚመታው ከላይ ያለውን ቅጠል ነው፤ ጉልበቱን እዚያ ይጥልና ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። አፈሩ የማይታጠበው፣ የቡናው አበባም ሙልጭ ብሎ የማይረግፈው አንድ ትልቅ ጣሪያ ስላለ አይደለም። ብዙ ስስ ስስ ጣሪያዎች እርስ በርስ ተራርቀው ስለተደረቡ ነው። የእናንተም ጣሪያ በዚህ መንገድ ሦስት ድርብ ይሁን።

የላይኛው ክዳኑ ነው። ኢጋ ቆርቆሮ ልታደርጉ ትችላላችሁ፣ ግን በባዶ ሞራሌ ላይ አይመታ። ሞራሌው ላይ መጀመሪያ ጣውላ ይደርደር፣ ጣውላው ላይ ሬንጅ ያለበት ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ቆርቆሮው በሱ ላይ ይረፍ። ከሥር የሚይዘው ነገር ሲያገኝ መርገብገቡ እዚያው ይሞታል። ጣውላ ተወዷል፣ አውቃለሁ። በጀቱ ካልበቃ ከመድረኩና ከመቀመጫው በላይ ያለው ክፍል ላይ ብቻ አድርጉት። መጋዘንና ሽንት ቤት ላይ ባዶ ቆርቆሮ ምንም አይልም።

መካከለኛው ድርብ አየር ነው። በክዳኑና በኮርኒሱ መሃል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ገብቶ የሚያፈስ ቦታ ካለ የሚያይበት ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ጎንና ጎኑ ለንፋስ ክፍት ይሁንና የሌሊት ወፍና ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ይደረግበት። ይህ ክፍተት ቀን ላይ የቆርቆሮውን ትኩሳትም ይዞ ይወጣል።

የታችኛው ኮርኒሱ ነው፣ ኮርኒሱ ደግሞ ከባድ መሆን አለበት። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው። ሁለት ሉህ ጂፕሰም መገጣጠሚያቸው እንዳይገጥም ተዛንፈው ቢመቱ ከአንድ ውድና ቀላል ኮርኒስ ይበልጣሉ። የሚንጠለጠልበት እንጨት ከክዳኑ ጋር በቀጥታ ከተቸነከረ ግን የዝናቡ ንዝረት በእንጨቱ በኩል ይወርዳል፣ የለፋችሁበትም ከንቱ ይቀራል። በሁለቱ መሃል ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አስገቡ። ሌላው የሚረሳው ነገር ስንጥቅ ነው። የአምፖል ቀዳዳ፣ የሽቦ ቀዳዳ፣ ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበት ጠርዝ፣ ሁሉም ይደፈን። ድምፅ እንደ ውኃ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ውኃ የሚያልፍበት ቦታ እሱም ያልፋል።

ሣር ክዳንስ? ዝናብ ላይ ጸጥ ያለ ነው፣ ያምራልም። ግን የመድረክ መብራት ያለበት 300 ሰው የሚቀመጥበት አዳራሽ ላይ እኔ አልደፍርም፤ እሳት ከተነሳ ሰው ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ አይሰጥም። ሰው ትኬት የሚቆርጥበትና ቡና የሚጠጣበት ለብቻው የቆመ ዳስ ላይ አድርጉት፣ እዚያ ይበቃዋል።

የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይውጣ። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ብታዩ ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያስረዳችኋል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ነው። በረንዳውና ወጣ ያለው ጣሪያው ዝናብ ግድግዳውን እንዳያገኘው ያደርጋሉ፣ ሰውም ከቤት ሳይወጣ ውጭ እንዲሆን። ቴአትር ቤትም በረንዳ ይፈልጋል። ዝናብ እስኪያባራ የሚቆም ሰው አለ፣ ያየውን የሚያወራ አለ፣ ልጁን የሚጠብቅ አለ።

ውኃውን ደግሞ አትጣሉት። የጣሪያው ስፋት 500 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ሲወርድበት ከሚባክነው ተርፎ 600 ሺህ ሊትር ያህል መሰብሰብ ይቻላል። ቧንቧ ሲጠፋ ሽንት ቤቱን የሚያድነው ይህ ነው። አሸንዳው ሰፊ ይሁን፤ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ዶፍ ከዚህ ጣሪያ ላይ 25 ሺህ ሊትር ያወርዳል፣ ሱቅ ላይ የምታገኙት ጠባብ አሸንዳ ሞልቶ ይፈሳል። ሁለት ጣሪያ ተገናኝቶ መሃሉ ላይ ቦይ የሚሠራበት ንድፍ ከቀረበላችሁ እምቢ በሉ። የሚያፈሰው እዚያ ነው። መውረጃ ቱቦው በመድረኩ ጀርባ በኩል እንዳያልፍም አደራ።

ቦታው

ሜዳ መሬት ያጓጓል፣ ጅማ ላይ ግን ሜዳው ብዙ ጊዜ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውን ይዞ ይንቀሳቀሳል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ይሻላል። ተዳፋቱ ሌላም ስጦታ አለው፣ መቀመጫውን መሬቱ ራሱ ይሠራላችኋል። 12 ረድፍ፣ በየረድፉ 25 ሰው፣ የአንዱ ረድፍ ጥልቀት 90 ሳንቲ ሜትር፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከፊቱ ካለው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከፍታው ሁለት ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለ ለስላሳ ተዳፋት ጅማ ዙሪያ ሞልቷል። አፈር ቆርጦ ማውጣትም ሙሌት ማስገባትም በጣም ይቀንሳል። ምንም ሆነ ምን ግን ንድፍ ከመሣሉ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። እዚያ ላይ የምታወጡት ገንዘብ ከሁሉም ወጪ ርካሹ ነው።

ረግረግ አትሙሉ። የቦዬ ረግረግ የከተማችን ጌጥ ነው፣ ጉማሬ ያለበት ውኃ በዚህ ቅርበት ያለው ከተማ ስንት አለ? ረግረግ ደግሞ የክረምቱን ውኃ የሚይዝልን ነው፤ የሞላችሁት ቀን ውኃው የእናንተ አዳራሽ ውስጥ ወይም ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችሁ ቤት ይገባል። አዌቱ ወንዝ አጠገብ ቦታ ካገኛችሁም ወንዙ ሲሞላ የት ድረስ እንደሚደርስ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

ትልቅ ዛፍ ካለ ዕድለኞች ናችሁ። ቦታችሁ ላይ የቆመ ኦዳ ወይም ዋርካ ካለ ንድፉ ከሱ ይጀምር። በኦሮሞ ባህል ሕዝብ የሚመክረውና ሕግ የሚያወጣው ኦዳ ሥር ነው፣ ከታላላቆቹ ኦዳዎች አንዱ ኦዳ ሁሌ የሚገኘውም እዚሁ ጅማ ዞን ነው። አቀማመጡን አስቡት፤ ሰው በግማሽ ክብ ይቀመጣል፣ ተናጋሪው መሃል ይቆማል፣ ሁሉም ፊት ለፊት ይተያያል። ቴአትር ማለት ሌላ ምንድነው? ቀን ላይ የሚደረገው ልምምድ፣ የልጆች ተረት፣ ስብሰባው ዛፉ ሥር ይሁን፣ አዳራሹ ደግሞ ፈንጠር ብሎ ይቁም። መሠረቱ የቅርንጫፎቹ ጥላ ከሚደርስበት ውጭ ይቆፈር፤ ካለዚያ ወይ ሥሩን ትቆርጣላችሁ ወይ ሥሩ መሠረታችሁን ያነሳዋል። ባሕር ዛፍ ግን ግድግዳ አጠገብ አትትከሉ፣ በተለይ ጥቁር አፈር ላይ። እርጥበቱን ይመጥጥና አፈሩን የበለጠ ያንቀሳቅሰዋል።

ከዋናው መንገድ ራቁ። የባጃጅ ድምፅ ቀን ላይ አይታወቃችሁም፣ ማታ መድረክ ላይ ዝምታ ሲኖር ነው የምትሰሙት። መራቅ ካልተቻለ ሽንት ቤቱን፣ መጋዘኑንና መልበሻ ክፍሉን በመንገዱ በኩል ደርድሩና አዳራሹን ከኋላቸው ደብቁት።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ብቻ። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ናት፣ የምታስቸግረው ጠዋትና ማታ በጎን ስትገባ ነው። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙሩ። ውጭ መድረክ ካላችሁ ተመልካቹ ወደ ምዕራብ አይዙር፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ምንም አያይም።

ድምፅ

ስለዚህ ክፍል ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም በብዙ አዳራሾቻችን የጎደለው እሱ ነው። ግንቡ ይሠራል፣ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ሲናገር የመጀመሪያው ቃል ሳይጠፋ ሁለተኛው ይደርስና ሁሉም ይደበላለቃል። ከዚያ ማይክ ይገዛል። ማይኩ ድብልቅልቁን ያጎላዋል።

ለንግግር የሚሆን አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ከተነሳ በኋላ እስኪሞት አንድ ሰከንድ ገደማ ቢወስድ ጥሩ ነው። ለሙዚቃ ትንሽ ረዘም ቢል ይመረጣል። ይህን ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ሳቢን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው ያወጣው ስሌት ይነግራችኋል። የአዳራሹን ይዘት በሜትር ኪዩብ ውሰዱ፣ በ0.161 አባዙ፣ ከዚያ ድምፅ በሚመጥጠው ነገር መጠን አካፍሉ። በቃ።

በእኛ አዳራሽ እንሞክረው። ለአንድ ሰው 4 ሜትር ኪዩብ ብንይዝ ይዘቱ 1200 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ድምፁ በ0.9 ሰከንድ እንዲሞት 215 ካሬ ሜትር ያህል መጣጭ ያስፈልጋል። አንድ የተቀመጠ ሰው ከነልብሱ ወደ 0.45 ካሬ ሜትር ይመጥጣል፤ 300 ሰው 135 መሆኑ ነው። ስለዚህ ከግድግዳ፣ ከመጋረጃና ከኮርኒስ የሚፈለገው 80 ነው። ጥሩ። አሁን ሰዉን አስወጡት። 80ው ብቻ ሲቀር ድምፁ 2.4 ሰከንድ ይቆያል። ልምምድ ላይ አዳራሹ የሚያስተጋባው፣ ግማሽ ሰው በመጣ ቀንም ንግግሩ የሚደበላለቀው ለዚህ ነው። መፍትሔው ወንበሩ ላይ ነው። ስፖንጅና ጨርቅ ያለበት ወንበር ባዶውንም እንደ ሰው ይመጥጣል፣ ስለዚህ 50 ሰው መጣ 300 ብዙም ልዩነት አይኖርም።

ግድግዳው ላይ ምን ይደረግ? ከውጭ የሚመጣ ውድ ነገር መግዛት የለባችሁም። ጅማ የቡና አገር ናት፣ ጆንያ አለ። የቃጫ ጆንያ በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ፣ ከኋላው 5 ሳንቲ ሜትር ጥጥ ተደርጎበት፣ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ተርቆ ሲሰቀል በጣም ጥሩ መጣጭ ይሆናል። መራቁ ዋናው ነገር ነው። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከቀረ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ወስዶ ወፍራሙን ይተወዋል፣ ከበሮ ሲመታ አዳራሹ ይጮኻል። ላስቲክ ማዳበሪያ ግን እንዳትጠቀሙ፤ አየር አያሳልፍም፣ ሲቃጠልም እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ጆንያውንም ሆነ ጥጡን ከመስቀላችሁ በፊት እሳት እንዳይዘው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተቀላቀለበት ውኃ ንከሩና አድርቁ። ከአንዱ ቁራጭ ቆርጣችሁ ውጭ በክብሪት ሞክሩት። ነበልባል ይዞ ከቀጠለ ድገሙት። ከመብራትም አርቁት።

ሁሉም ግድግዳ መጣጭ አይሁን ታዲያ። ለመድረኩ ቅርብ የሆኑት ግድግዳዎችና ከመድረኩ ፊት ያለው ኮርኒስ ጠንካራ ሆነው የተዋናዩን ድምፅ ወደ ኋላ ረድፍ ይግፉ። መጣጩ የኋላው ግድግዳና የጎኖቹ የኋላ ክፍል ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ቅርጽ ልመለስ። ክብ አዳራሽ፣ ጎጆም ይሁን ጀበና፣ ከውስጥ ሲታይ ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳ ግድግዳ ድምፅን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ይጥለዋል፤ አንዱ ወንበር ላይ ጆሮ ይበሳል፣ ሦስት ወንበር አልፎ ምንም አይሰማም። ትይዩ ግድግዳም ችግር አለበት፣ ድምፁ በሁለቱ መሃል ይመላለሳል። ጫካ ውስጥ ይህ የማይሆነው ግንዶቹ ስለሚበትኑት ነው። ግንድ ወደ ውጭ ያበጠ ክብ ነው፣ የመታውን ድምፅ በየአቅጣጫው ይልከዋል። እንግዲያው የጎን ግድግዳችሁ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ግንድ፣ ክቡ ወደ አዳራሹ፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፣ ርቀቱም እኩል ሳይሆን አቁሙ። ቀጭን ብቻ ከሆነ ቀጭኑን ድምፅ ነው የሚበትነው፣ ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራምም ይኑርበት። ሰው ገብቶ ሲያየው የቡና ጫካ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። ስለ መልክ ያልኩት ይህንን ነው። ግንዱ ለጌጥ አልመጣም፣ ሥራ አለው፣ ያም ሆኖ አዳራሹን የጅማ አደረገው።

መድረኩ

የሰፈራችን ጭፈራ ክብ ይሠራል። መንዙማ ሲባል ጀማው ዙሪያውን ነው የሚቀመጠው፣ ከበሮው ከመሃል ይነሳል። ተመልካች ከሩቅ ቆሞ በአራት ማዕዘን ቀዳዳ የሚያይበት መድረክ ለዚህ አይሆንም። መድረኩ ወደ ሰዉ ይውጣ፣ መቀመጫው ሦስት ጎኑን ይክበበው። ተዳፋት ካላችሁ ከፍ ያለ መድረክም አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ረድፍና ተዋናዩ አንድ ወለል ላይ ይሁኑ። መድረኩ 10 በ8 ሜትር ቢሆን፣ ከኋለኛው ረድፍ እስከ መድረኩ ጫፍ 20 ሜትር አይሞላም። ከዚህ ካለፈ የፊት ገጽታ አይታይም፣ ድምፅም ይደክማል።

ወለሉ እንጨት ይሁን። አርማታ ላይ የሚጨፍሩ ልጆች ጉልበታቸው ያልቃል። አርማታው ላይ የጎማ ቁራጭ፣ በላዩ ሞራሌ፣ በላዩ ጣውላ ከተደረገ ሲረገጥ ትንሽ ይሰጣል፣ የእግር ድምፁም ያምራል። ጅማ የሰርከስ ታሪክ ያላት ከተማ ስለሆነች ከመድረኩ በላይ ቢያንስ 7 ሜትር ክፍት ቦታ ተዉ፣ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ሲቆም ኮርኒስ እንዳይነካ። ከጣሪያው ላይ ሰው የሚንጠለጠልበት ቦታ ከፈለጋችሁ ደግሞ ለመሐንዲሱ ገና ሲጀመር ንገሩት። ከተሠራ በኋላ አይጨመርም።

ንድፍ ከመሣሉ በፊት መንዙማ የሚሉትን ሼሆች፣ የመዝሙር ቡድኖቹን፣ የትምህርት ቤት ክበቦችን፣ ማየትና መራመድ የሚቸገሩትን ወገኖቻችንን ጠርታችሁ መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አሥምሩና አቁሟቸው። የት ይገባሉ፣ የት ይቀመጣሉ፣ የት ልብስ ይለውጣሉ? ወረቀት ላይ ያልታየ ነገር እዚያ ይታያል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሞዴል ሠርተው ሊያግዟችሁ ይችላሉ። ፊርማና ኃላፊነት ግን የባለሙያ ነው።

አየር

አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። 300 ሰው 30 ኪሎ ዋት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ስምንት ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዳችሁ እንደ መቀመጥ ነው። መስኮት ብትከፍቱ ጫጫታው ይገባል። ስለዚህ አየሩ ከታች ከጥላው በኩል ይግባ፣ ከላይ ይውጣ። የሚገባበት መንገድ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ሳይሆን ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ ቦይ ይሁንና ውስጡ ያንኑ ጆንያ ይልበስ፤ አየር ይታጠፋል፣ ድምፅ እየታጠፈ ይደክማል። ከቦዩ አፍ ፊት ሰሳ ትከሉ፣ ሥሩ ቡና። ቅጠሉ ያቀዘቀዘውን አየር ነው አዳራሹ የሚስበው። መውጫው ከመድረኩ በተቃራኒ ከኮርኒሱ ሥር ረዥም ክፍተት ሆኖ ይሠራ፣ መዝጊያ ይኑረው።

ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ቢሆን እኔ ደስ ይለኛል። ክብደት ስላለው ድምፅ ያግዳል፣ ማታ የቀዘቀዘውን ይዞ ቀን ያበርዳል። ጅማ ማታ ደህና አድርጋ ትበርዳለች። ጭድ ገብቶበት በደንብ የተቦካ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር በድንጋይ ግንብ የተነሳ፣ ሰፊ ጣሪያ ያለው የጭቃ ግድግዳ ዕድሜ አለው።

እንጨቱ

ምስጥ አለ። ማንኛውም እንጨት አፈር አይንካ። ምሰሶው ድንጋይ ወይም አርማታ ላይ በብረት ጫማ ይቁም፣ ዙሪያውን አይታችሁ የምስጥ መንገድ እንዳለ እንድታውቁ ክፍት ይሁን። ብዙ ቦታ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይት ለአጥር ይሁን፣ አዳራሽ ውስጥ ይሸታል፣ ለእሳትም ይመቻል። አዳራሹ መሃሉ ላይ ምሰሶ ስለማይኖረው ጣሪያውን የሚሸከመው የብረት ወይም የእንጨት ካፕሪያታ፣ ማለትም ከግድግዳ ግድግዳ የሚዘረጋ የጣሪያ ማዕቀፍ፣ ይሁን፣ ስሌቱን መሐንዲስ ይሥራው።

ዋንዛን ለሚታየውና ለሚነካው ቦታ አስቀምጡት። በሩ፣ የመድረኩ ጠርዝ፣ የበረንዳው መቀመጫ። የጅማ በርጩማ የሚቀርጹ ባለሙያዎች እዚሁ አሉ፣ ሥራ ስጧቸው። ከጫካ የተቆረጠ ቀራሮ ወይም ዋንዛ በርካሽ አመጣልሃለሁ የሚል ከመጣ ግን አትግዙ። ስለ ጫካ ብለን የሠራነው ቤት ጫካ ሊበላ አይገባም። ከግቢ ተቆርጦ ፈቃዱ የታየውን ውሰዱ፣ በአንዱ ፈንታም ትከሉ።

ሌሎች የማይታለፉ ነገሮች

ወደ ውጭ የሚከፈቱ ቢያንስ ሦስት በሮች በተለያየ አቅጣጫ ይኑሩ። ትርዒት እያለ ቁልፍ አይደረግባቸው፣ ሌባ ቢያሰጋም ሰው አስቁሙ። መተላለፊያው 1.2 ሜትር ይስፋ። ዊልቸር የሚገባበት መወጣጫ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ይርዘም፣ የዊልቸር ቦታም ከኋላ ጥግ ብቻ ሳይሆን ከሰው መሃል ይሁን። የሴቶች ሽንት ቤት ከወንዶቹ ይብዛ፤ እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፣ ሰልፉን አስቡት። ውዱ የሚደረግበት ቦታና ትንሽ ንጹሕ ክፍል አዘጋጁ፣ የማታውንም ትርዒት መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ጀምሩ። ግማሹ ሰው እያየ ግማሹ የሚወጣበት ሰዓት ለተዋናዩም ለሰጋጁም ጥሩ አይደለም።

መብራት ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ከአዳራሹ ርቆ ከግንብ ኋላ ይቀመጥ። ከዚያ በላይ ግን አዳራሹ ራሱ ያለ መብራት ይሥራ። ከጣሪያው ሥር መዝጊያ ያላቸው መስኮቶች ካሉ የቀን ትርዒት በተፈጥሮ ብርሃን ይታያል፣ ድምፁን በደንብ ከሠራችሁት ማይክም አትፈልጉም። ቡናው ዳሱ ላይ ይፈላ። ሽታው ወደ አዳራሹ ቢመጣ ማንም አይጠላውም፣ የሙቀጫው ድምፅ ግን እረፍት ድረስ ይቆይ።

ገንዘቡ በአንዴ ካልሞላ

በአብዛኛው አይሞላም፣ እና ብዙዎች እዚህ ላይ ነው ግድግዳ ጀምረው የሚያቆሙት። ጣሪያ የሌለው ግንብ አንድ ክረምት ካደረበት የወጣበት ገንዘብ ይባክናል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ መሠረቱ፣ ምሰሶውና ሦስት ድርብ ያልነው ጣሪያ፣ ቢያንስ ክዳኑና ጣውላው። አሸንዳውና ታንከሩ አብረው ይግቡ። ሁለተኛ የመድረኩ ወለልና ሽንት ቤቱ። በዚህ ደረጃ ግድግዳ የሌለው፣ ዝናብ የማያስቆመው ዳስ አላችሁ ማለት ነው፣ ትርዒት መጀመር ትችላላችሁ፣ የትኬቱም ገቢ ይረዳችኋል። የዚያን ክረምት ትርዒት እያሳያችሁ ነፋሱ ከየት ዝናብ እንደሚያስገባ፣ ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ጻፉ። ግድግዳው በሦስተኛው ዙር ሲመጣ ያንን ወረቀት ለአርክቴክቱ ስጡት። ከዚያ ኮርኒሱ፣ ጆንያው፣ ግንዶቹ። ስፖንጅ ያለበት ወንበር መጨረሻ ይምጣ። እስከዚያ ድረስ ሰው በርጩማውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ።